ካርታ ለሚጠብቅ ባላጋራ ዋጋ ስለ መቍረጥ፤ በፖከር ጨዋታና በቀድሞው የውርርድ ሙግት

ፖከር በሚባለው የካርታ ጨዋታ ከሚነሡት ጥያቄዎች መካከል በሒሳብ ለመመርመር የሚመቸው አንዱ የሚከተለው ነው፦ በእጃችን ያለው ካርታ ለጊዜው የሚበልጥ ሆኖ፣ ባላጋራችን ደግሞ አንዲት ካርታ ብትመጣለት እኛን የሚረታ ቢሆን፣ ምን ያህል ገንዘብ ብናስይዝ ይበጀናል? ጥያቄው የቁማርተኛ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ካርታውን ትቶ መልኩን ብቻ ለሚመለከት ሰው፣ ማስረጃውን በእጁ የያዘ ሰው ማስረጃው ገና በመንገድ ላይ ካለ ሰው ጋር ሲጋጠም የሚነሣው ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለውንም ግጥሚያ የፎገራ ሜዳ ሰው፣ በጠቅላላውም የበጌምድር ሰው፣ ካርታ የሚባል ነገር ሳያይ በዳኛ ፊት ሲገጥመው ኖሯል። ስለዚህ በመጀመሪያ የጨዋታውን ሒሳብ እናስረዳለን፤ ቀጥሎም ያንኑ ሒሳብ ይዘን የቀድሞውን የውርርድ ሙግት እንመረምራለን።

እኛ ካርታ መያዝ በሚያስቀጣበት የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላደግን ጨዋታውን የተማርነው ዘግይተን ነው። ክፍልፋይን ግን እዚያው በሚገባ አስተምረውናል፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገውም ከክፍልፋይ ያለፈ አይደለም። ኮንከር መጫወት የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ አንዲት ካርታ ጠብቆ መቀመጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ቀድሞ ያውቀዋልና ነገሩ ከቶ አይከብደውም።

ዛሬ በብዙ አገር የሚጫወቱት የፖከር ዐይነት ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። ካርታው 52 ነው፤ አራት ዐይነት ምልክት ያለው ሲሆን ለእያንዳንዱ ምልክት 13 ካርታ ይደርሰዋል። አዳዩ ከበወዘ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በስውር ያድላል። ከዚያም ለሁሉም የጋራ የሚሆኑ አምስት ካርታዎች በገሃድ ይዘረጋሉ፤ በመጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። በየመካከሉ ገንዘብ ይያዛል። አንዱ ገንዘብ ያስያዘ እንደ ሆነ ሌላው ያንኑ ያህል ከፍሎ ይከተላል፣ ወይም ይጨምርበታል፣ ወይም ካርታውን ጥሎ ይወጣል። የወጣ ሰው እስከዚያ የከፈለውን አያስመልስም። እስከ መጨረሻው የቈየው ከሰባቱ ካርታዎች የተሻሉትን አምስት መርጦ ያሳያል፤ የበለጠውም በመሐል የተከማቸውን ገንዘብ ይወስዳል። ከአንድ ምልክት አምስት ካርታ መያዝ ፍለሽ ይባላል፤ ፍለሽም ጥንድ ካርታን በእጅጉ ይበልጣል። ለኛ ጉዳይ ከሕጉ ይህን ማወቅ ይበቃል።

እንግዲህ እኛ በስውር ሁለት ንጉሥ ይዘናል እንበል። በገሃድ አራት ካርታ ተዘርግቷል፤ ከነርሱም ሁለቱ የልብ ምልክት ያለባቸው ናቸው። ባላጋራችን በስውር የያዛቸው ሁለት ካርታዎች ዝቅተኛ ቍጥር ያላቸው ቢሆኑም ሁለቱም ልብ ናቸው። ጥንድ የለውም፤ ስለዚህ በዚህ ሰዓት ጨዋታው ቢቆም የምናሸንፈው እኛ ነን። የቀረችው አንዲት ካርታ ልብ ሆና ከመጣች ግን አምስት ልብ ይሞላለታል፤ የኛ ንጉሦችም ይሻራሉ። እንዲህ ያለውን ሰው በዚህ ጽሑፍ ካርታ ጠባቂ እንለዋለን።

የጠባቂው ተስፋ ምን ያህል ነው? ልብ በጠቅላላው 13 ነው፤ አራቱን ራሱ ያያቸዋል፤ የቀሩት 9 ናቸው። ካርታ ጠባቂው ያያቸው ካርታዎች በእጁ ያሉት ሁለትና በገሃድ ያሉት አራት፣ በድምር 6 ሲሆኑ፣ ያላያቸው 46 ናቸው። ስለዚህ ተስፋው ከ46 ዘጠኝ ነው፤ ከመቶ 19.6 ያህል፣ ማለት ከአምስት ጊዜ አንድ ጊዜ ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል። (የሁለቱንም እጅ አይቶ ለሚቈጥር ሰው፣ በኛ ካርታዎች ልብ ከሌለባቸው፣ ተስፋው ከ44 ዘጠኝ ይሆናል። ባላጋራችን ግን የኛን ስለማያይ በ46 ነው የሚቈጥረው፤ እኛም የርሱን ቍጥር እንከተላለን። ልዩነቱ ነገሩን አያፋልሰውም።) በሌላ አነጋገር፣ በ46 ጨዋታ 9 ጊዜ ይሞላለታል፤ 37 ጊዜ ይቀርበታል።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። በመሐል 100 ብር ተከማችቷል እንበል። እኛ 50 ብር ብናስይዝ፣ ጠባቂው 50 ከፍሎ 150 ለመውሰድ ይሞክራል ማለት ነው። በ46 ጨዋታ 9 ጊዜ 150፣ በድምሩ 1350 ብር ያገኛል፤ 37 ጊዜ 50፣ በድምሩ 1850 ብር ያጣል። ጉዳቱ 500 ብር ነው፤ ለ46 ሲካፈል በእያንዳንዱ ጊዜ 10 ብር ከ87 ሳንቲም ይሆናል። 20 ብር ብቻ ብናስይዝስ? 9 ጊዜ 120 አግኝቶ 37 ጊዜ 20 ያጣል፤ 1080 ብር ገብቶለት 740 ብር ይወጣበታል፤ በያንዳንዱ ጊዜ 7 ብር ከ39 ሳንቲም ያተርፋል። በመካከል ትርፍና ኪሣራ የሚተካከሉበት ዋጋ አለ፤ ያስያዝነውን ለ ብንለው 9 ጊዜ (100 + ለ) ከ37 ለ ጋር እኩል የሚሆንበት ነው፤ ስንፈታውም ለ = 32 ብር ከ14 ሳንቲም ይሆናል። ከዚህ በታች ያስያዘ ሰው ለባላጋራው ስጦታ ይሰጣል፤ ከዚህ በላይ ያስያዘ ሰው ጠባቂውን ለጥበቃው ያስከፍለዋል።

በዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ፤ ከጽሑፉም ሁሉ ዋናው ስለ ሆነ ጠንከር አድርገን ልናስረዳው እንወዳለን። በእጁ የሚበልጥ ካርታ ያለው ሰው ዘወትር የሚመኘው ጠባቂው ፈርቶ እንዲወጣለት ነው። ነገሩ ግን በቍጥር ሲታይ እንዲህ ነው፦ 50 ብር አስይዘን ጠባቂው ቢወጣ የመሐሉን 100 ብር እናገኛለን። 50ውን ከፍሎ ቢከተለን ግን በ46 ጨዋታ 37 ጊዜ 150 እናገኛለን፤ 9 ጊዜ 50 እናጣለን፤ ይህም በአማካይ 110 ብር ከ87 ሳንቲም ነው። ጠባቂው ያጣው 10 ብር ከ87 ሳንቲም አንዲት ሳንቲም ሳትጐድል ወደኛ መጥታለች። 100 ብር አስይዘን ቢከተለንማ ትርፋችን በአማካይ 141 ብር ከ30 ሳንቲም ይደርሳል። ምንም ሳናስይዝ ብናሳልፈው ደግሞ ካርታውን በነጻ ያያል፤ የኛም ድርሻ ወደ 80 ብር ከ43 ሳንቲም ይወርዳል። ስለዚህ ከሁሉ የከፋው በነጻ ማሳየት ነው፤ ከዚያ የሚሻለው ማስወጣት ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በውድ እንዲከተል ማድረግ ነው። ብልኅ ተጫዋች የሚፈልገው ዋጋ ባላጋራው ለመክፈል የሚደፍረውን፣ ነገር ግን መክፈል የማይገባውን ዋጋ ነው።

ይህንኑ ሐሳብ አሜሪካዊው ዴቪድ ስክላንስኪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ባሳተመው የፖከር መጽሐፉ ለጨዋታው ሁሉ መሠረት አድርጎታል፤ ባላጋራህ ካርታህን ቢያይ ኖሮ ከሚያደርገው የተለየ ነገር ባደረገ ቍጥር አንተ ታተርፋለህ የሚል ነው። የኛ ጠባቂ የኛን ሁለት ንጉሥ ቢያይ፣ ለ50 ብሩ ካርታውን ይጥል ነበር። ስላላየ ይከተላል፤ በመከተሉም ይከፍላል።

ሒሳቡ እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። የሚወሳሰበው ጠባቂው ካርታው ከመጣለት በኋላ ተጨማሪ ገንዘብ ከኛ የሚወስድ እንደ ሆነ ነው። 50 ብር ከፍሎ ሲከተል 150 ብር ብቻ አይደለም የሚያስበው፤ ልቡ ከሞላ በኋላ የምንሰጠውንም ጭምር ያስባል። ተጨማሪው ስንት ቢሆን ኪሣራው ይሰረዛል? 500 ብሩን ጉዳት ለ9 ብናካፍለው 55 ብር ከ56 ሳንቲም ይሆናል። እንግዲህ በሞላለት ጊዜ ሁሉ በአማካይ ከዚህ የበለጠ የምንሰጠው ከሆነ፣ ያስያዝነው 50 ብር ለርሱ ውድ መሆኑ ቀርቷል። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ሦስተኛው ልብ በገሃድ ሲወርድ ሁለት ንጉሣችንን አቅፈን የምንከፍል ሰዎች ከሆንን፣ ቀድሞ የቈረጥነው ዋጋ ከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ ጠባቂው ወይም እኛ በፊታችን የቀረን ገንዘብ ጥቂት ከሆነ ያ ተስፋ አይኖርም፤ ስለዚህ ያው 50 ብር ገንዘብ ባለቀበት ገበታ ላይ ከባድ፣ ገንዘብ በሞላበት ገበታ ላይ ቀላል ነው።

ደግሞ ጠባቂ ሁሉ እኩል አይደለም። ከተከታታይ ካርታዎች መካከል አንዲት ብቻ የጐደለችበት ሰው፣ ለምሳሌ 5፣ 6፣ 8፣ 9 ይዞ 7ን የሚጠብቅ፣ ተስፋው 4 ካርታ ብቻ ነው፤ ለርሱ ከ100 ብር መሐል 10 ብር ከ53 ሳንቲም እንኳ ትክክለኛ ዋጋው ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ውድ ነው። በሌላ በኩል ፍለሽንም በሁለት ጫፍ የተከፈተ ተከታታይንም አብሮ የሚጠብቅ ሰው 15 ካርታ ይረዱታል፤ ለርሱ የሚተካከለው ዋጋ 93 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። ይህ ሰው ገና ሁለት ካርታ በሚቀርበት ጊዜ ከሆነ ከሁለቱ በአንዳቸው የመሙላት ተስፋው ከመቶ 54 ያህል ነው፤ ማለት ጠባቂ ተብሎ ሲጠራ በእውነቱ ከኛ የሚበልጠው እርሱ ነው። እንዲህ ካለው ጋር ገንዘብ በማብዛት የምናስፈራራ ቢመስለን ራሳችንን እናታልላለን።

ስለ ሁለት ካርታ ከተነሣ፣ ብዙ ሰው በቃሉ የሚይዘውን ቍጥር እንመርምረው። ሦስት ካርታ ብቻ በተዘረጋ ጊዜ ልብ ጠባቂው ሁለት ዕድል ስላለው ተስፋው ከመቶ 35 ነው ይባላል። ቍጥሩ ትክክል ነው፤ 38 ከ47ን በ37 ከ46 አባዝቶ ከአንድ ቢቀነስ ይገኛል። ነገር ግን ይህን ቍጥር ይዞ የመጀመሪያውን ክፍያ የሚከፍል ሰው፣ አራተኛዋ ካርታ ባዶዋን በወረደች ጊዜ ሁለተኛ ክፍያ እንደሚጠየቅ ይረሳል። የ35ቱ ሒሳብ የሚሠራው ሁለቱንም ካርታ በአንድ ክፍያ ለሚያይ ነው፤ ይኸውም ያለውን ሁሉ አስይዞ ከዚያ በኋላ ሊጠየቅ የማይችል ሰው ነው። ስለዚህ የሚበልጥ ካርታ ያለው ሰው በየደረጃው ማስከፈል አለበት፤ አንድ ጊዜ በትልቁ አስይዞ ቀጥሎ ዝም የሚል ሰው የጠባቂውን ቍጥር እውነት ያደርግለታል።

ፈረንሳዊው ፓስካልና የአገሩ ሰው ፌርማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1654 የተጻጻፉት ደብዳቤ የዕድልን ሒሳብ እንዳስጀመረ ይነገራል። የተጻጻፉበትም ጥያቄ ከኛው የራቀ አልነበረም፤ ጨዋታ ሳያልቅ ቢቋረጥ የተያዘው ገንዘብ ለሁለቱ ተጫዋቾች እንዴት ይካፈል? የሚል ነበር። ገና ያልመጣ ነገር ዛሬ ዋጋ አለውን? ካለውስ ስንት ነው? ካርታ ጠባቂ ማለት እንዲህ ያለ ገና ያልመጣ ነገር ባለቤት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ።

እሰጥ አገባ የሚለው አነጋገር ዛሬ ፍሬ የሌለውን ክርክር ያመለክታል፤ ጥንት ግን የሙግት ቃል ነበር። ተሟጋቾች ራሳቸው ቆመው በዳኛ ፊት በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲከራከሩ፣ በአንድ ጭብጥ ላይ ባልተስማሙ ጊዜ አንዱ «ይህ ነገር እኔ እንዳልኩት ባይሆን ይህን ያህል እሰጣለሁ» ብሎ ይወራረዳል። ውርርዱም በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ስም ይጠራ ነበር። ባላጋራው ወይ ውርርዱን ተቀብሎ ይገባል፣ ወይ ከፍ አድርጎ ይመልሳል፣ ወይም ነጥቡን ይለቃል። ለውርርዱም ዋስ ይጠራል። መከተል፣ መጨመር፣ መጣል፤ ሦስቱም የፖከር መንገዶች እዚህ አሉ። እንዲያውም ባላጋራ፣ መርታት፣ መረታት የሚሉትን ቃላት በዚህ ጽሑፍ ለካርታ ስንጠቀምባቸው የተዋስናቸው ከዚሁ ሙግት ነው።

የዚህ ሙግት ትልቁ መስክ ርስት ነበር። በበጌምድር እንደ ጎጃም ሁሉ ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚወረስ ስለ ነበረ፣ ከአቅኚው አባት መወለዱን ማስረዳት የቻለ ሁሉ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። ማስረዳቱ ደግሞ በአብዛኛው በወረቀት ሳይሆን በሽማግሌ አፍ ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ይህን ሥርዐት እስከ ሻረው ድረስ፣ የትውልድ ሐረግ የሚቈጥር አንድ አዛውንት የአንድ ቤተሰብ ማሳ ሊያስገኝ ወይም ሊያሳጣ ይችል ነበር። እንዲህ ያለው አዛውንት ለተሟጋቹ የሚጠበቀው ካርታ ነው።

ፎገራን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደሚከፋ ይረዳል። ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ተዘርግቶ፣ በደቡብ በኩል ጉማራ፣ በሰሜን በኩል ርብ እየተጠማዘዙ ወደ ሐይቁ ይወርዱበታል። ወረታም በሁለቱ መካከል፣ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚታጠፈው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተቀምጣለች። ሐምሌና ነሐሴ ወንዞቹ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። የፎገራ ከብት የሚግጥበትን ሣር፣ ኋላም ሩዝን ለዚህ አገር ተስማሚ ያደረገው ይኸው ውሃ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. እንደ ሆነው ሲበዛ ደግሞ ቤትና ከብት ይጠርጋል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ከርብ ማዶ ያለ ምስክር በነሐሴ ወር አይደርስም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናስብ። ሰዎቹ የታሰቡ ናቸው፤ ሁኔታው ግን በዚያ አገር የማይሆን አይደለም። ባለይዞታው ሦስት ሽማግሎች ከጎኑ አቁሞ በዋርካ ሥር ከዳኛው ፊት ቆሟል። ጠያቂው የሚተማመንበት አንድ አዛውንት ከርብ ማዶ ነው፤ መስከረም ካልጠባ አይሻገርም፤ ቢሻገርም ሐረጉን በትክክል ቈጥሮ ለርሱ ይመሰክር እንደ ሆነ እርግጠኛ አይደለም። ተስፋው ከሦስት አንድ ነው እንበል። ባለይዞታው ይህን ዐውቆ ዛሬውኑ «በበቅሎ!» ይላል። ጠያቂው ምን ያድርግ?

በሒሳብ ከሆነ እንዲህ ነው። ውርርዱን ቢቀበል፣ ከሦስት አንድ ጊዜ ማሳውን ያገኛል፤ ከሦስት ሁለት ጊዜ በቅሎዋን ይከፍላል። ስለዚህ በቅሎዋ ከማሳው ዋጋ እኩሌታ በታች እስከ ሆነች ድረስ መቀበል ይገባዋል። ማሳ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስለ ሆነ ዋጋው ከበቅሎ እጥፍ ያነሰ ማሳ እምብዛም አይገኝም ነበር። እንግዲህ ዋጋው ለጠያቂው ርካሽ ነው፤ ፖከር ቢሆን ኖሮ ባለይዞታውን «ከዚህ በላይ ጨምር» ብለን በመከርነው ነበር።

ነገር ግን ሁለቱ ግጥሚያዎች የሚለያዩበት ሥር እዚህ ላይ ነው። በፖከር የተያዘው ገንዘብ በመሐል ይከማቻል፤ ጠባቂው ሲሳሳት የከፈለው ወደኛ ይመጣል፤ ስለዚህ እንዲከተለን እንፈልጋለን። በውርርድ ሙግት ግን የተረታው ሰው የሚከፍለው ለዳኝነቱ እንጂ ለባላጋራው አልነበረም። መሐል የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ ባለይዞታው ጠያቂው ውርርዱን ቢቀበልለት ምን ይጠቀማል? ምንም። ቢረታ ድሮም የያዘውን ማሳ ይይዛል፤ ቢረታበት ማሳውንም በቅሎዋንም ያጣል። ጠያቂው በተቀበለ ቍጥር ባለይዞታው ይጐዳል እንጂ አይጠቀምም። ስለዚህ የርሱ ፍላጎት አንድ ብቻ ነው፤ ጠያቂው ምስክሩ ሳይደርስ ነጥቡን እንዲለቅ። ለዚህ የሚስማማው ውርርድ ደግሞ ጠያቂው ሊከፍለው የማይችለው ውርርድ ነው። በፖከር ብልኅነት የሚባለው ዋጋውን ጠባቂው ከሚደፍረው ልክ ሳያልፉ መቍረጥ ሲሆን፣ በሙግት ግን ከሚደርስበት በላይ መስቀል ነው። ዳኛውም ከተከፋዮቹ ወገን ስለ ነበረ ውርርዱ ከፍ ቢል የሚጐዳበት ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ ይብሳል። በፖከር አንድ የቆየ ደንብ አለ፤ ማንም ተጫዋች በፊቱ ካለው ገንዘብ በላይ እንዲከፍል አይገደድም። 30 ብር ብቻ የቀረው ሰው 50 ቢጠየቅ፣ 30ውን አስይዞ ይቀመጣል፤ ለዚያው ለ30ው ልክ ካርታውን እስከ መጨረሻ ያያል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሌሎቹ ለብቻቸው ይጫወቱበታል። ስለዚህ ባለጠጋ ድኻን በገንዘብ ብዛት ብቻ ከገበታ ሊያስነሣው አይችልም። በውርርድ ሙግት ግን ወሰኑ የዋሱ አቅም ነበር። ለበቅሎ ዋስ የሚሆነው ዘመድ የሌለው ጠያቂ፣ ተስፋው ከሦስት አንድ ቢሆን፣ ወይም ከሦስት ሁለት ቢሆን፣ ሒሳቡ ለርሱ ምንም አይፈይድለትም፤ ማሳውን የሚያጣው በምስክር ተረትቶ ሳይሆን ምስክሩን መጠበቅ አቅቶት ነው። ቁማር ነው ተብሎ የሚነቀፈው ጨዋታ ለድኻው ያበጀውን ደንብ፣ ፍርድ ተብሎ የሚከበረው ሥርዐት አላበጀለትም ነበር። ስለ አባቶቻችን ሙግት ያማረ አነጋገርና የቃል ጥበብ ብዙ ይባላል፤ መባሉም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ስንት ነጥብ በዋስ እጦት እንደ ተለቀቀ አብሮ መታሰብ አለበት እንላለን።

በሌላ ወገን ደግሞ ለውርርዱ የሚከራከርለት ሰው አይጠፋም፤ ክርክሩም ፍጹም ከንቱ አይደለም። ያለ ማስረጃ ሙግት የሚያነሣ፣ ዛሬ ከተረታ ነገ በሌላ ዳኛ የሚመለስ ነገረኛ በየአገሩ አለ። እርሱ ካርታ በነጻ የሚያይ ሰው ነው፤ ምንም ስለማይከፍል አንድ ቀን ይሞላልኛል እያለ ዕድሜውን ይጠብቃል። ውርርዱ እንዲህ ያለውን ሰው ዋጋ ያስከፍለው ነበር። የተሳሳተው ማስከፈሉ አልነበረም፤ የዋጋው ልክ ከጠባቂው ተስፋ ጋር ሳይሆን ከጠባቂው ኪስ ጋር መገናኘቱ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ ነገሩን በሌላ መንገድ ያዘው። ውርርድ በክሱ ላይ ቦታ የለውም። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ድኻ ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቀድለታል፤ ይህ 30 ብር ያለው ተጫዋች በ30 ብሩ እንዲቀመጥ ከሚፈቅደው ደንብ ጋር በመልክ አንድ ነው። ማስረጃው ያልደረሰለት ሰው ቀጠሮ መጠየቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም ቀጠሮው ያስከተለውን ኪሣራ በጠየቀው ወገን ላይ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ካርታ ጠባቂው የሚጠየቀው ዋጋ የቀጠሮ ኪሣራ ነው፤ ዋጋውንም የሚቈርጠው ባላጋራው መሆኑ ቀርቶ ዳኛው ሆኗል።

ዳኛው ግን ስንት ቢቈርጥ ልክ ይሆናል? የክርክሩ ዋጋ 9000 ብር ነው እንበል። አንዱ ተከራካሪ የሚፈልገውን ሰነድ የማግኘት ተስፋው ከ10 አንድ ብቻ ቢሆን፣ ቀጠሮው ለርሱ 900 ብር ያወጣለታል። 100 ብር ኪሣራ ቢጣልበት በደስታ ይከፍላል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ እንደገና ቀጠሮ ይጠይቃል። ከ900 ብር በላይ ካልሆነበት በቀር ራሱ አይተውም። በአንጻሩ ምስክሩ በእርግጥ በመንገድ ላይ ያለለት፣ ተስፋው ከ10 ዘጠኝ የሆነ ሰው ቀጠሮው 8100 ብር ያወጣለታል፤ 900 ብሩ ርካሽ ነው፤ ካለው ይከፍላል። ዋጋ ደካማውን ጠባቂ ከብርቱው ይለያል ማለት ይህ ነው። ነገር ግን የሚለየው ሁለቱም 900 ብር ሲኖራቸው ነው፤ ብርቱው ጠባቂ ከጉማራ ዳር የመጣ፣ ከብቱን ካልሸጠ 900 ብር የማያገኝ ገበሬ ከሆነ፣ ያው ዋጋ ነገረኛውን አስቀርቶ እርሱንም አብሮ ያስቀረዋል።

እዚህ ላይ ዳኛው ከፖከር ተጫዋች የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው። ተጫዋች ባላጋራውን የምትጠብቀው ካርታ የትኛው ነው ብሎ ሊጠይቅ አይችልም፤ ቢጠይቅም እውነቱን አያገኝም፤ ስለዚህ በዋጋ ብቻ ይመረምረዋል። ዳኛው ግን ምስክርህ ማን ነው፣ የት ይኖራል፣ መጥሪያው መቼ ደረሰው፣ ምን ያውቃል ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱንም በመዝገብ ያሰፍራል። ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ርብ አሁን ድልድይ ስላለው፣ ውሃ ሞልቶብኝ ነው የሚለውን መልስ የትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወር ብሎ መመርመር ከቀድሞው ይልቅ ቀላል ነው።